አያ ደሴ ለላስቲክ ቤት የሠሩት በር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ኸሪፍ ሊገባ ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን ነው። እኛ ገዳሪፍ የምንኖር የክረምቱን ዝናብ ኸሪፍ እንለዋለን። ያልረሳሁት ስላፈርሁበት ነው። ዛሬ ቀና ብዬ እንድሄድ ያደረገኝም እሱው ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የተወለድሁት ገዳሪፍ ከተማ ነው። ወላጆቼ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረው ጦርነት ከጎንደር ተሰደው የመጡ ናቸው። አማርኛም አረብኛም ስለምችል ከከተማው ራቅ ባለ አንድ የስደተኞች መጠለያ እየኖርሁ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምኖርበትን የመጠለያ ሰፈር፣ የብሎካችንን መዝገብ እይዛለሁ። በየቤቱ ስንት ሰው፣ ስንት ብርድ ልብስ፣ ስንት ባልዲ እንዳለ በማስመሪያ ባሰመርሁት ሠንጠረዥ እጽፋለሁ። መዝገቤን እወደዋለሁ፤ ይህን አልደብቅም።

አያ ደሴ በብሎካችን የሚኖሩ እንጨት ጠራቢ ሽማግሌ ናቸው። ጭልጋ አካባቢ ሳሉ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት፣ ገበታ፣ ብርኩማ ሲጠርቡ ኖረዋል። ሲሰደዱ ይዘው የወጡት ሁለት መሮና አንድ ቢላዋ ነው። የቀኝ አውራ ጣታቸው መሮ ሲጨብጥ ስለኖረ እንደተጣመመ ቀርቷል። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም። የሚያጥቧቸውም የሚያበሏቸውም አያ ደሴ ናቸው።

አንድ ቀን በቆጠራ ላይ ሳለሁ የቤታቸውን መግቢያ ላስቲክ ገለጥሁና ገባሁ። ቸኩዬ ነበር። ላስቲክ አይንኳኳም፤ እኛም በመጠለያ ኑሮ "ቤቶች" ብሎ መጣራቱን ትተነው ነበር። አያ ደሴ ባለቤታቸውን እያጠቡ ነው። እትዬ ጥሩ ፊታቸውን ወደ ላስቲኩ አዞሩ። አያ ደሴ ነጠላ ሳቡባቸውና ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ሁለት ነን። ጻፊ" አሉ። ጻፍሁና ወጣሁ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ አያ ደሴ ከገበያ አንድ ያረጀ አንጋሬብ አስመጡ። አንጋሬብ ሱዳኖች የሚተኙበት፣ ባለ አራት እግር፣ መሐሉ በገመድ የሚጠለፍ የእንጨት አልጋ ነው። በመጠለያው ዙሪያ ዛፍ መቁረጥ ስለማይፈቀድ ሌላ ደህና እንጨት አይገኝም። ገመዱን ፈትተው አልጋውን በቁመቱ አቆሙት። የታችኞቹ ሁለት እግሮች መሬት ላይ ተጋድመው ደገፉት፤ ከላይ ከቤቱ እንጨት ጋር በገመድ አሰሩት። ይህ መቃኑ ሆነ። ከዕቃ ሳጥን ወፍራም ሳንቃ ገጣጥመው መዝጊያ አበጁለት። ማጠፊያ የለውም፤ ምስማር የለውም። ከመዝጊያው ላይና ታች ጉጥ አወጡና መቃኑ ውስጥ በፈለፈሉት ጉድጓድ እንዲዞር አደረጉት። የድሮው ያገራችን በር እንዲህ ነው የሚዞረው። ከዚያ ሐረግ መቅረጽ ጀመሩ፤ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ፣ መነሻው ከመድረሻው የማይለይ ሐረግ።

ብሎኩ ሳቀ።

"አያ ደሴ፣ ቤቱስ መቼ ይመጣል?"

"በሩን ሲያይ ይመጣል።"

"ሌባ ላስቲኩን ቀዶ ቢገባስ?"

"ሌባማ ይግባ። እኔን የቸገረኝ ጨዋው ነው።"

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አላዩም።

ቀጥሎ የባሰውን ጥፋት አጠፋሁ። በወሩ መዝገብ ላይ "ቋሚ ግንባታ" የሚል ዓምድ አለ። በመጠለያው ቋሚ ቤት መሥራት ስለሚከለከል ዓምዱ ሁልጊዜ ባዶ ነው። በሩን የት እንደማሰፍረው ሳጣ እዚያ ጻፍሁት። ባዶ ዓምድ አልወድም።

በሳምንቱ አንድ የመጠለያው ተቆጣጣሪ ያስረከብሁትን መዝገብ ይዞ፣ ሁለት ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። እንዳስተረጉም ተጠራሁ።

"ዳ ሽኑ?" አለ በሩን በእስክሪብቶ እየነካ። ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

"በር ነው በይው" አሉ አያ ደሴ፣ መሯቸውን ሳያስቀምጡ።

"መምኑዕ፣ ያ ዐም" አለ ተቆጣጣሪው። "ክልክል ነው፣ አጎቴ። ይፈርሳል፤ እንጨቱም ለማገዶ ይሄዳል።"

እኔ ሥርዓት ወዳዷ፣ "አያ ደሴ፣ ደንብ ነው፤ ለጊዜው ቢያነሱት..." ብዬ ጀመርሁ።

"አስተርጓሚ ነሽ ወይስ ዳኛ?" አሉኝ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ።

ተቆጣጣሪው በር ለምን እንዳስፈለጋቸው ጠየቀ። አያ ደሴ ቀና ብለው አዩኝ። "አንድ ሰው ሳይጣራ ገባ። ባለቤቴ ራቁቷን ነበረች። በይው።"

ስም አልጠሩም። ያን ያህል አጭር ነገር መተርጎም እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። ተረጎምሁት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርሁ። "ያ ሰው እኔ ነኝ። በሩን መዝገብ ላይ የጻፍሁትም እኔ ነኝ።" በአረብኛ ያልሁትን ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ደገምሁት። ሳቁ ቆመ።

ተቆጣጣሪው መሬት መሬት አየ። "ቢሆንም ደንብ ነው። ይፍረስ።"

"እሺ" አሉ አያ ደሴ። "አንጋሬብስ ክልክል ነው?"

"አንጋሬብን ማን ይከለክላል?"

ተነሡና የላዩን ገመድ ፈቱ። "ያዢ በዚያ በኩል" አሉኝ። በሩን ከነመቃኑ ቀስ ብለን አስተኛነው። በአራት እግሩ ቆመ። አያ ደሴ በቀረጹት ሐረግ ላይ ጋደም ብለው እጃቸውን ተንተራሱ።

"አልጋዬ ነው በይው። ትኋን እንዳይገባበት ቀን ቀን አቆመዋለሁ።"

ሳልስቅ ተረጎምሁ። ከሠራተኞቹ አንዱ ዞር አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። "ኸላስ፣ በቃ። አንጋሬብ ነው" አለና መዝገቡን ዘረጋልኝ። "ቋሚ ግንባታ" ሥር የጻፍሁትን በማስመሪያ ሰረዝሁ፤ "አልጋ" ሥር አንድ ጨመርሁ። በመዝገቤ ውስጥ ያለው ስርዝ እሱ ብቻ ነው። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሰዎቹ እንደሄዱ በሩን መልሰን አቆምነው። ከውጭ ቆሜ "ቤቶች" አልሁ።

"ማነሽ?" አሉ እትዬ ጥሩ ከውስጥ።

"መምህሯ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው።"

"ቆዪ።"

ቆየሁ። ፀሐዩ አናቴን እስኪያቃጥለኝ ቆየሁ። ምንም ሥራ እንዳልነበራቸው አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ "አሁን ግቢ" አሉኝ።

ዛሬ ላስቲክም ቢሆን፣ የተቀደደ ጆንያም ቢሆን፣ ሳልጣራ አልገልጥም። ተማሪዎቼም እንደዚያው ናቸው። አያ ደሴ ሰሞኑን ሌላ አሮጌ አንጋሬብ አግኝተዋል፤ ለመማሪያ ክፍላችን ነው። ሐረጉ ግማሽ ደርሷል። በመዝገቡ የት እንደማሰፍረው ወስኛለሁ፤ "አግዳሚ ወንበር" ከሚለው ዓምድ ሥር። እግሩን ሊቆጥር የሚመጣ ካለ፣ መጀመሪያ ውጭ ቆሞ ይጣራ።