ግድግዳ የሚልሰው ውሻ

በአንድ ላውንደሪ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የተኮሰች ሴት ናት። ሰፈሩ «እትዬ ካውያ» ይላታል። ትዳር አልያዘችም፤ «የሰው ሸሚዝ ሳጣጥፍ ዕድሜዬም አብሮ ተጣጠፈ» እያለች ራሷ ትስቅበታለች። አብሯት ይኖር የነበረው ታላቅ ወንድሟ ሲሞት የቀራት ውሻው ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶትም ስሙ አሁንም «ጎረምሳው» ነው።

ወንድሟ ሊሞት ሲል፣ «ክኒኑን እንዳታቋርጪበት፣ አደራ» ብሏት ነበር። ውሻው ያን ሰሞን ቢጫ ውሃ እያስመለሰው የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ታዞለት ነበርና። እሷም አደራ በላ ላለመባል ክኒኑን በየማለዳው በዳቦ ጠቅልላ ስታጎርሰው ሦስት ዓመት አለፈ።

ከዚያ ጎረምሳው ተለወጠ። መጀመሪያ ሆዱ ላላ። ቀጥሎ ከቆዳው ሥር አንዳች ነገር የሚሄድ ይመስል ገላው ይርገበገብ ጀመር። በመጨረሻ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሟቹ ክፍል እየገባ የራስጌውን ግድግዳ ይልስ ያዘ። ሁልጊዜ አንዱን ቦታ ነው። ይልስና ያቆማል፤ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይልሳል። ቀለሙ ተልጦ ግድግዳው እንደ ቁስል አዠ።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ አይታ፣ ወንድምሽ እጁን እያስላሰው ነው፣ ተይው አለቻት። እሷ ሳቀች። እሁድ ከቀትር በኋላ ግን ሳሎን ተቀምጣ ከወንድሟ ክፍል የመላሱን ድምፅ ሰማችና «ና ወዲህ» ብላ ተጣራች። ውሻው ከእግሯ ሥር ቀና ብሎ አያት። ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ቆመ።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርታ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙ ክኒኑን ሦስት ዓመት ሙሉ መዋጡን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መድኃኒቱ ለጥቂት ሳምንታት የታሰበ እንደነበር ነገራት። አሲዱ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ አሲዱ ይገድላቸው የነበሩ ተሕዋስያን አንጀት ውስጥ ይራባሉ፤ ሆድ የሚላላውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሆዱን ያቅለሸለሸው ውሻ ደግሞ ያገኘውን ይልሳል። ደሙ ሲመረመር ማግኒዚየም የተባለው ማዕድን አንሶ ተገኘ፤ መርገብገቡ ከዚያ ነው አላት።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ልተወው?»

«የለም፣ በአንዴ ካቆሙት ታፍኖ የቆየው አሲድ ይገነፍልበታል። ቀስ በቀስ ነው።»

«ወንድሜ አደራ ብሎኝ ነው እኮ።»

«አደራ የሰጡዎት ውሻውን ነው እንጂ ክኒኑን አይደለም፣ እናቴ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። የእሁዱን ነገር ግን አልነገረችውም።

ክኒኑን መጀመሪያ በግማሽ ቀነሰችለት፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለለች ሰጠችው፣ በመጨረሻም አቆመችው። በሁለት ወር ውስጥ ሆዱ ተስተካከለ፤ መርገብገቡም መላሱም ቀረ። ግድግዳውንም ቀለም አስቀባችው። ጎረምሳው ግን የዚያን ክፍል ደፍ ዳግም አልረገጠም። ክፍሉን የምታናፍሰው ብቻዋን ነው። መስኮቱን ከፍታ ስትወጣ ፊቷን ወደ አልጋው እንዳዞረች፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ነው።