መርዶ የሌለው መንገደኛ

ሽማግሌ ሲቀመጥ ያምርበታል ይላሉ። እኔ ግን አልቀመጥም። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ስለተውኩት ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ።

እርሻዬ እዚሁ ሐዋሳ ዳር ነበር። እንሰት ነበረኝ፣ በቆሎ ነበረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዶማ ይዤ ስቆፍር ስፖርት ትሠራለህ ያለኝ ሰው የለም። ኋላ ከተማው እየሰፋ መጣና መሬቱ ላይ ቤት ተሠራበት፤ ለእኔ የተረፈኝ ጓሮና አንድ የአቮካዶ ዛፍ ነው። ከዛፉ ሥር ወንበር ተደረገልኝ። ውሃ ልቅዳ ስል ምራቴ ጀሪካኑን ትቀማኛለች። ጸሎት ቤት ልሂድ ስል ልጄ ባጃጅ ይጠራል። ሁሉም ለክብሬ ነው። እንዲህ ተከብሬ ስቀመጥ ስኳር ያዘኝ።

ስኳርን አውቀዋለሁ። የታላቅ ወንድሜን አንድ እግር በልቶታል። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሌለውን እግሩን ሊያክ እጁን ሲሰድ አይቻለሁ። ስለዚህ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስትናገር ጆሮዬን ሰጥቼ ነው የሰማኋት።

"አባባ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። በየቀኑ ደግሞ በእግርዎ ይሂዱ፤ እስኪያልብዎ ድረስ።"

"የት ልሂድ፣ ልጄ?"

"የትም!"

የትም የሚባል አገር እኛ መንደር አይታወቅም። ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ወደ ለቅሶ ይሄዳል። ሐይቅ ዳር ወጣቶች በቁምጣ ሲሮጡ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ሽማግሌ ግን ይጠየቃል።

ለልጄ ብነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

"አባባ፣ እኔን ሰው ምን ይለኛል? አባቱን በእግሩ ያስኬዳል አይሉኝም?"

"እግሬ ሲቆረጥስ ምን ይሉሃል?"



በማግስቱ ማለዳ ጋቢዬን ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ሽማግሌ በጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ሲገሰግስ ከታየ የሰው ሞት ይዟል ማለት ነው። እኔው ራሴ ስንቱን ቤት እንዲያ ሆኜ አንኳኩቻለሁ።

እህቷ አረብ አገር ያለች ጎረቤታችን ደጃፏን ስትጠርግ አየችኝና ቀጥ ብላ ቆመች።

"አባባ፣ ወዴት ነው?"

"የትም።"

"ማን ሞቶ ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። መጥረጊያውን ጣለችና "እህቴን! እህቴን!" ብላ ጮኸች። መንደሩ ነቅሎ ወጣ። ነርሷ ያዘዘችው ላብ ያኔ አሰመጠኝ፤ ገና መቼ ተራመድኩና!

እህትየው ጋ ተደወለ። "ምን ሆናችሁ ነው በጠዋት?" የሚለው ድምፅዋ ሲሰማ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ነርሷ ለስኳሬ በእግርህ ሂድ ብላኝ ነው የወጣሁት አልኳቸው።

"በዚህ ዕድሜህ ስፖርት?" አለ አንድ እኩያዬ። "ስፖርት ለጠገበ ሰው ነው! አንተ ምን በልተህ?"

ልጄ ባጃጅ ይዞ ደረሰ። "አባባ፣ ይግቡ። በቃ፣ አዋረዱን እኮ።"

አልገባሁም። ድምፄንም አላነሣሁም።

"በዚህ እግር ለሁላችሁም ቤት መርዶ ይዤ መጥቻለሁ" አልኳቸው። "ያኔ ሽማግሌ ምን ያስሮጠዋል ያለኝ የለም። ለሰው ሞት የሚሄድ እግር ለገዛ ዕድሜው ቢሄድ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ያስደነገጥኳት ልጅ ይቅር ትበለኝ። ግን ነገም እወጣለሁ። ከነገ ወዲያም እወጣለሁ።"

ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ። እኔ በእግሬ።

በማግስቱ ጋቢውን ትቼ የልጄን ቀይ ሹራብ ለበስኩ። በቀይ ሹራብ መርዶ የሚነግር የለምና! ልጆች ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ያቺ ጎረቤቴ ነጠላ ጫማዋን በሸራ ጫማ ቀይራ በሯ ላይ ቆማ አገኘኋት።

"አባባ፣ እርስዎ ባለፉ ቁጥር ልቤ ድው ከሚል አብሬዎት ብሄድ ይሻለኛል። ግፊትም አለብሽ ብለውኛል።"

"ነይ። እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።"

"እርስዎ? ትናንት እንዲያ ገስግሰው የገደሉኝ?"

እየሳቅን ሄድን። አሁን በየማለዳው እንሄዳለን። እኩያዬ አጥሩን ተደግፎ "የትም ደረሳችሁ?" እያለ ያሾፋል። "ገና ነን፣ ና!" እለዋለሁ። እስካሁን አልመጣም። ልጄም ዛሬም ድረስ ባጃጅ ልጥራ ይለኛል፤ እኔም ዛሬም ድረስ እምቢ እለዋለሁ።

የምንመለሰው ከወንድሜ በር ነው። በማለዳ ወንበሩን ደጅ አስወጥቶ ይጠብቀኛል። ቀድሞ የሚያየው ፊቴን አይደለም፤ እግሬን ነው። ትናንት ዝናብ ይዞን ቆይተን ስንደርስ ክራንቹን መሬት ላይ መታ መታ አደረገና፣

"ዛሬ ዘገየህ" አለኝ።

ሚስቱ ለእኔም ወንበር አወጣችልኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳትና ቆሜ አወራሁት።