ካሜራውን አትይ

በደርግ ጊዜ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነበርኩ፤ የጦርነት ታሪክ መጻፍ የጀመርኩት ኋላ ነው። «ካሜራውን ለምን ተውከው?» ሲሉኝ ወገቤን አሞኝ እላለሁ። ውሸት ነው። የተውኩት በአንዲት የድሬዳዋ እናት ምክንያት ነው።

የሶማሊያ ጦር ከተማዋ ደጃፍ በደረሰ ጊዜ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሚሊሺያዎች በካሚዮን ሲሸኙ እንቀርጽ ነበር። አንድ ረጅም ወጣት ሌንሱን ትኩር ብሎ እያየ ፈገግ ይላል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። «አንተ ረጅሙ! ካሜራውን አትይ! ወደ መኪናው ዙር!» ብዬ ጮህኩበት። ካሜራ ያየ ሰው ፊልም ያበላሻል ተብለን ነው የተማርነው። ልጁም «እሺ አቦ፣ ምን ያስቆጣሃል!» ብሎ ዞረ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ፊልሙን ለከተማው ሰው ልናሳይ ቀበሌ አዳራሽ ይዘነው መጣን። ቀፊራ ገበያ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የምትሸጥ አንዲት እናት ከሁሉ ቀድማ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «እንደምን ዋሉ እማማ» ብላት ከት ብላ ሳቀች። «አቦ፣ አንቺ በለኝ! ድሬ ላይ ማን አንቱ ይባላል?» ልጇ ከጦርነቱ አልተመለሰም። የነበረው አንድ ፎቶ የመታወቂያው ነው፤ እሱንም በኪሱ ይዞት ሄዷል። ፊልሙ ላይ አለ ብለዋት ፊቱን ልታይ ነው የመጣችው።

ረጅሙ ልጅ ብቅ ሲል «የኔ ነው! ወላሂ የኔ ነው!» ብላ ብድግ አለች። በማጅራቱ ነው ያወቀችው። እስኪዞር ቆማ ጠበቀች። ልጁ ጀርባውን እንደሰጠ ካሚዮኑ ላይ ወጣ፣ ምስሉም ተቀየረ።

«አሁን ይዞራል አይደል?» አለችኝ።

ክው አልኩ።

አዲስ አበባ ስመለስ ፊቱ የታየባትን፣ ካሜራ አይቷል ብለን ቆርጠን የጣልናትን ቁራጭ ፍለጋ ያልገለበጥኩት ሳጥን የለም። የፊልም ቁርጥራጭ ማን ያስቀምጣል! ማንም አልወቀሰኝም፤ እሷም አልወቀሰችኝም። ግን ይቆጨኛል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያ መጽሐፌን ስጽፍ ወደ እሷ ሄድኩ። ፊልሙ የነሳትን በቃላት ልመልስላት፤ አይ ሞኝነት! «መልኩን ንገሪኝ» አልኳት። ቁመቱን፣ ጥርሱን፣ ሲስቅ ዓይኑ እንዴት እንደሚጠፋ አወራችኝ። ልጅ ሳለ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ቀርቶበት ነበር አለች።

«በየትኛው ቅንድቡ?»

እጇን ወደ ግራ ቅንድቧ አነሳች፤ ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ መልሳ ወደ ግራ አመጣችው።

«እሱን እኮ ነበር አዳራሹ ድረስ ላየው የመጣሁት» አለችኝ።

እኔም እኮ ልጁን በሌንስ ፊት ለፊት አይቼው ነበር። አላስታውስም። መጽሐፉ ላይ «በአንደኛው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢው የረቂቁ ጠርዝ ላይ «በየትኛው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዳለ ይሁን አልኩት።