የጥንቸሉ እሺታ

የልጆች ፕሮግራም ሲጀምር ከመጋረጃ ጀርባ እየዘለለ የሚወጣው ትልቁ ጥንቸል ሴት ናት። ይህን የሚያውቁት የስቱዲዮው ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም «ጆሮ» ነው የሚሏት። የጥንቸል ልብሱ ጭንቅላት ስፖንጅ ቢሆንም አንገት ይሰብራል። የምታየው በአፉ በኩል በተወጠረች ቁራጭ መረብ ነው። ድምፁ ደግሞ የእሷ አይደለም። አንዲት ዘፋኝ ዘፈኑን፣ ሳቁን፣ መልሱን ሁሉ ቀድታ ሄዳለች፤ የድምፅ መሣሪያውን የሚይዘው ባለድምፁ ቁልፍ ሲጫን ጥንቸሉ ይናገራል፣ እሷ ትወዛወዛለች።

ልጅ ባለበት ጭንቅላቱ አይወልቅም፣ ትንፍሽም አይባልም። ሕጉ ይኸው ነው። የገዛ ልጇ እንኳ እናቷ ቢሮ የምትውል ይመስላታል። እሷም ቤት ስትገባ ወገቧ ተቆርጦ፣ ትከሻዋ ዝሎ፣ ሶፋው ላይ ዘፍ ነው።

የዚያን ቀን ዝግጅቱ በአዳራሽ ነበር። ልጅ በልጅ ላይ ተደራርቦ ቦታው ጢም ብሏል። ጭፈራው ሲጋጋል ልጆች «ጋሼ» የሚሉት አስተዋዋቂ «ለጥንቸላችን ጥያቄ ያለው!» ብሎ ጮኸ። ከሁሉም ቀድማ ደረጃውን የወጣችው ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ ነበረች።

ጥንቸሉ ውስጥ ያለችው ሴት በመረቡ ቀዳዳ አየቻት። የራሷ ልጅ! ልጅቷን ቤት የምትጠብቃት አክስት ለእናትየው ሳትነግራት ነው ያመጣቻት።

«እሺ የኔ እመቤት፣ ምን ልትጠይቂው ነው?» አለ ጋሼ ማይኩን አስጠግቶ።

«እኛ ቤት መጥቶ እንዲኖር።»

«ውይ! እናትሽስ ምን ትላለች?»

«እማዬ ምንም አትልም፣ ትተኛለች። እንጨፍር ስላት ሁልጊዜ ደክሞኛል ነው። እሷን እናንተ ውሰዷት።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እናትየው ስፖንጁ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰማች። ያ ሁሉ ሕፃን ሰማ፣ ያ ሁሉ ወላጅ ሰማ፤ ልጇን እቅፍ አድርጋ «እኔ እኮ ነኝ» ማለት ግን ክልክል ነው። ይህም ሳይበቃ ባለድምፁ አዳራሹን ላስደስት ብሎ ቁልፉን ተጫነ። የዚያች ዘፋኝ ድምፅ ከማጉያዎቹ ፈነዳ፦ «እሺ! እሺ! እመጣለሁ!»

ልጅቷ የጥንቸሉን እግር ጥምጥም አለችበት።

ትርኢቱ አልቆ ከመድረክ ጀርባ ጭንቅላቱን አውልቃ ወደ ባለድምፁ ዞረች።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ምን ሆንሽ ጆሮ?» አለ ባለድምፁ እየሳቀ። «ሕፃን ናት፣ ቤት ሳትደርስ ትረሳዋለች።»

«ልጄ ናት!»

ሳቁን አቆመ። «በቃ ልብሱን ይዘሽው ሂጂ። አላየሁም እላለሁ» አላት።

ለብሳው ብትገባ በሩ ላይ እንዴት እንደምትታቀፍ ታያት። ግን እስከ መቼ? መቼም ለብሳው አትተኛም። መስቀያው ላይ ሰቅላው ወጣች።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። አልጋዋ ላይ ለጥንቸሉ ሁለተኛ ትራስ ተቀምጧል። በእናቷ ጎን አሾልካ ኮሪደሩን አየች።

«ብቻሽን ነሽ?»

እናትየው ቦርሳዋን አስቀመጠች። ያለ ሙዚቃ፣ ያለ መድረክ መብራት፣ እዚያው ደጃፉ ላይ እጆቿን እንደ ጆሮ አቁማ የጥንቸሉን ጭፈራ ጀመረች። ጉልበት አጠፍ፣ ወደ ጎን ሸርተት፣ ኋላ ረገጥ። ጉልበቷ ይንቋቋል። አክስት ማንኪያ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ልጅቷ የእናቷን እግር ታያለች፣ ፊቷን ታያለች፣ እንደገና እግሯን።

«እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለች።

«እሺ ያለው ሌላ ሰው ነው። የጨፈርኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ልታለቅስ ከንፈሯን ጣለች፤ ግን አላለቀሰችም። መጥታ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች።

«እሺማ አንቺ ራስሽ በይ።»

«እሺ» አለች እናቷ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ መሐል ላይም ተሰነጠቀ።

«አልተሰማም» አለች ልጅቷ፣ ቀሚሱን ሳትለቅ። «ድገሚው።»