ማስታወቂያው ያመጣቸው አባት

የሰሊጥ አገር በሆነችው የቆላ ከተማ ሸሕዲ ላይ የኢንሹራንስ ውክልና ቢሮ ስከፍት ዋናው ገበያዬ ትራክተርና የጭነት መኪና ነበር። የእርሻ ባለቤቶቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት ጎንደር ከተማ ነው። ወደ ቆላው የሚወርዱት ለዘርና ለአጨዳ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያዋራኝ አይገኝም። ስለዚህ ብሎግ ከፈትኩ። ሰዎቹ ስልካቸው ላይ ያንብቡኝ፣ ሲያስፈልጋቸው ይደውሉልኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የጻፍኳቸው ነገሮች ከኩባንያው በራሪ ወረቀት አይለዩም ነበርና ማንም አላነበባቸውም። ቆይቼ ሰው ቢሮዬ መጥቶ የሚጠይቀኝን ራሱን መጻፍ ጀመርኩ። ትራክተሩ ተርፎ ተጎታቹ ብቻ ቢሰበር ይከፈላል? የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንስ? የሰሊጥ ክምር በሰደድ እሳት ቢቃጠልስ? የከባድ መኪና ሾፌሮች ጽሑፎቹን በቴሌግራም ይቀባበሏቸው ጀመር። ኔትወርክ ጠፍቶ በሰነበተ ጊዜ እንኳ መንገድ ላይ አስቁሞ "ምነው ዝም አልሽ?" የሚለኝ አላጣም ነበር።

ከጽሑፎቹ አንዱ ስለ ቀን ሠራተኞች ነው። ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ ወጣት ይወርዳል። ባለእርሻው ሸሕዲ ላይ ይቀጥራቸውና ትራክተሩ በሚጎትተው ጋሪ ጭኖ ይወስዳቸዋል። ለትራክተሩ ዋስትና የሚገባ ሞልቷል፤ ጋሪው ላይ ለተቀመጡት ሰዎች የሚገባ ግን እምብዛም ነው። ይህንኑ ጻፍኩ። ከሽንፋ ከተማ ወዲያ ሰፊ የሰሊጥ መሬት ያላቸው አንድ ባለእርሻ ደወሉልኝ።

"እህቴ፣ ጽሑፍሽን አነበብኩት። ትራክተሬን ከሰው አስበልጬ መኖሬን ነው የነገርሽኝ። ነይና አዋውዪኝ" አሉ።

ለሠራተኞቻቸው በጅምላ የአደጋ ዋስትና ገቡ። ለውሉ የሰዎቹ ብዛት በቂ ስለነበር የማንንም ስም አልጻፍንም። ብሎጌ ያመጣልኝ የመጀመሪያው ትልቅ ውል ነበርና ደስ አለኝ።

አጨዳው ሳያልቅ ሠራተኞቻቸውን የጫነው ጋሪ ደረቅ ወንዝ ሲሻገር ተገለበጠ። ሌሎቹ ተጎድተው ተረፉ፤ አንድ ልጅ ሞተ። ሽንፋ ቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹ ቀበሩት። ነገሩን ለማጣራት ወደ ሠራተኞቹ ካምፕ ስሄድ ጓደኞቹ በጥላ ስር ተቀምጠዋል። ልጁ ስልኩንና መታወቂያውን ሲመጣ መናኸሪያ ላይ ተሰርቋል። የአባቱን ስም የሚያውቅ ጠፋ።

"አገሩ የት ነው?" አልኳቸው።

"ጎጃም ነኝ ይል ነበር። ብቻውን ነው የመጣ፤ ከዚያ በላይ አናውቅም" አለኝ አብሮት ያጭድ የነበረ ወጣት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ኮንጎ ጫማችን ሲበጠስ ቢላ አግሎ የሚያጣብቅልን እሱ ነበር። ግራ አውራ ጣቱ ላይ የዚሁ ጠባሳ ነበረው። አባቴን ዓይናቸውን አሟቸዋል፣ ላሳክማቸው ነው የወረድኩ ብሎናል" አለ።

ባለእርሻው "እንግዲህ ካሳውን ለማን ልትሰጪው ነው?" አሉኝ። ብሎጉ ላይ ጻፍኩ። የልጁን ስምና መልክ፣ የጣቱን ጠባሳ፣ ጫማ መጠገኑን፣ የአባቱን ዓይን ጠቅሼ ቤተሰቡን የሚያውቅ እንዲደውልልኝ ለመንኩ። መሞቱን አላነሳሁም። መርዶ ከስልክ ላይ ተነቦ አይሰማም።

ሾፌሮቹ ተቀባበሉት። አንድ ቀን ከጎጃም የገጠር መምህር ደወለ።

"ልጁ ተማሪዬ ነበር። ምን ሆኗል?" አለኝ።

መጀመሪያ አባቱ አጠገቡ መኖር አለመኖራቸውን ጠየቅኩት። እሱም "ገባኝ" አለ። "ለአባቱ አሁን አልነግራቸውም። ሽማግሎች ይዤ ጠዋት በወጉ እናረዳቸዋለን። እባክሽ እስከዚያ አንቺም ምንም እንዳትጽፊ።"

አልጻፍኩም።

ለቅሶው ካለፈ፣ የወራሽነት ማስረጃም ከወረዳቸው ፍርድ ቤት ከወጣ በኋላ አባትየው ከመምህሩ ጋር መጡ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበዋል። መምህሩ ክንዳቸውን ይዞ ይመራቸዋል። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ውሰዱኝ አሉ። ስንደርስ ተንበርክከው አፈሩን ዳሰሱት፤ ከዚያ ቀና ብለው "የቀበሩት ልጆች የታሉ?" ሲሉ ጠየቁ። ከካምፑ የመጡት ቀረቧቸው። የእያንዳንዱን እጅ ፈልገው እየያዙ ሳሙ።

"ኧረ አባባ፣ ይተዉ!" አሉ ልጆቹ እያለቀሱ።

"እናቶቻችሁ አያልቅሱ" አሏቸው።

ቼኩን በሚረከቡበት ቀን ጎንደር ያለው የኩባንያው አለቃዬ ደወለ። "ሲቀበሉ ፎቶ አንሺያቸው። ብሎግሽ ላይ ስታወጪው ካሁን በፊት ከጻፍሽው ሁሉ ይበልጣል" አለኝ። በሥራችን ዓይን ትክክል ነው፤ ሰው የሚያምነን ስንከፍል ሲያይ ነው። ፎቶ ላነሳቸው እችል እንደሆነ አባትየውን ጠየቅኳቸው።

"ፎቶው ምን ያደርግልሻል ልጄ?"

"ሌሎች ባለእርሻዎች አይተው ለሠራተኞቻቸው ዋስትና እንዲገቡ ነው፣ አባባ።"

አሰቡ። "ለነዚያ ልጆች ከሆነስ መልካም ነበር። ግን ይህን ስቀበል አገሬ ቢያየኝ፣ ልጁን ሽጦ ዓይኑን አበራ ይለኛል። እሱን አልችለውም።"

መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ዓይንዎን ግን ይታከማሉ አይደል?" አልኳቸው።

"እታከማለሁ እንጂ። እሱ የወረደ ለዚሁ አይደል? ፎቶው ይቅር። አንቺ ጻፊው፤ ቃል ይበቃል።"

አለቃዬ ቅር ቢለውም አልገፋፋኝም። አጭር ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ለአጨዳ ስለወረደ ልጅ፣ ስለተሰበሰቡት ጓደኞቹ፣ መቃብሩን በእጃቸው ስላዩ አባት። ከሥሩ የቢሮዬን ስልክ ላድርገው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ አስቀመጥኩት። ብሎጉን የከፈትኩት ለገበያ ነው፤ ያን ቀን ግን እጄ ከበደኝ።

በቀጣዩ ወቅት ከጎንደር ብዙ ባለእርሻዎች ደወሉ፤ አንዱማ ከሩቁ ቆላ ከገለጉ ድረስ ነው። ሥራዬ ሰፋ። ሰው "ብሎግሽ ጥሩ ገበያ አመጣልሽ" ሲለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን አንገቴን እደፋለሁ። መምህሩ ደውሎ የአባትየው አንድ ዓይን ታክሞ ማየት መጀመሩን ሲነግረኝ ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ።

አሁን የሰው ብዛት ብቻ ተቀብዬ ውል አልፈርምም። ባለእርሻው ቢያጉረመርምም ካምፑ ድረስ ሄጄ የሠራተኞቹን ስምና የቤተሰባቸውን ስልክ ራሴ እመዘግባለሁ። ባለፈው አጨዳ አንድ የወሎ ልጅ ማጭዱን እየሳለ ሳቀብኝ።

"እህቴ፣ ያባቴን ስልክ ምን ትሠሪበታለሽ? እሞታለሁ ብለሽ ነው?"

"አይ፣ አይደለም" አልኩት። መዝገቤን ገልጬ እስክሪብቶዬን ያዝኩ። ልጁ ማጭዱን አስቀምጦ ጥቂት አየኝና የአባቱን ቁጥር ቀስ እያለ ነገረኝ።