በመጽሐፉ አልተመለሰችም

መጀመሪያ ያየሁት ከንፈሯን ነው። ተዋናይቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት የነውሺን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቃሉ ከእሷ ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄድ ይመስል ነበር። ድራማው የተወሰደበትን ልብ ወለድ በቃሏ ይዛዋለች።

ነውሺን ጎረቤቴ ናት፤ እዚሁ ሙልታን ከተማ ሙሽሮችን ታስውባለች። ባሏን ተንዊርን ትታ አባቷ ቤት ከገባች የበጋው ሙቀት መጥቶ ሄዷል። ተንዊር አልመታትም፣ አልሰደባትም። እናቱ በእንግዳ ፊት ስታዋርዳት ግን እሱ ሻዩን ይጠጣል። የልብ ወለዷ ሴት ባልም ዝምተኛ ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ትታው ትሄዳለች። ነውሺን ያንን ምዕራፍ አንብባ ስትጨርስ ሻንጣዋን አወረደች።

"ለካ ዝምታም ለመሄድ ይበቃል" አለችኝ።

ገረመኝ። እኔ ልብ ወለድ የማነበው ለማልቀስ ነበር።

ከዚያ መጽሐፉ ተከታታይ ድራማ ሆነና ሰፈሩ ሁሉ ያየው ጀመር። የመጨረሻው ክፍል የታየ ማታ መብራት ስለጠፋ፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ሲደገም አማቷ ሱግራ ጣፋጭ ሐልዋ ይዛ ከች አለች። አማቷ የአባቷም እህት ናት፤ እኛ ዘንድ የአክስት ልጅ ማግባት ወግ ነው። ስለዚህ በር አይዘጋባትም። ሱግራ ከፊት ተቀመጠች። ነውሺን ግን የሻሿን ጫፍ እየጠመዘዘች ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትላለች።

"ኧረ አረፍ በይ ልጄ፣ አዞርሽኝ እኮ!"

"እግሬ ነው አክስቴ፣ እኔ ምን ላድርግ?"

መጨረሻው ደረሰ። የነውሺን ከንፈር "አልመለስም" አለ። ተዋናይቱ ግን አለቀሰች። ባልየው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት፤ አብራው ተመለሰች።

ሱግራ አጨበጨበች። "አየሽ! ያቺ ያን ሁሉ ተምራ እንኳ ተመለሰች። አንቺ ከእሷ ትበልጫለሽ?"

"በመጽሐፉ አልተመለሰችም።"

"መጽሐፉን ደግሞ ማን አየው? ይሄንን አገር አይቶታል!"

ነውሺን ቀጥ ብላ ቆመች።

"እሺ አክስቴ፣ በድራማው ይሁን። እዚያ ባልየው ራሱ መጣ፤ ያውም በዝናብ። የእኔውስ የታል?"

ሱግራ አፏ ውስጥ ያለውን ሐልዋ ቀስ ብላ ዋጠች። "መንገዱ ጫፍ ነው፣ ሞተሩ ላይ። መግባት አፍሮ ነው።"

"ይፈር። ምላስ ግን አለው አይደል? ከራሱ አፍ አንዲት ቃል ከወጣች፣ ዛሬውኑ ተከትዬው እገባለሁ።"

የመኳኳያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት። ተንዊር የግንቡ ጥላ ሥር፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ቆማ ጠበቀችው። "በል እንጂ!" ልለው ምንም አልቀረኝም። ከንፈሩን አረጠበ። የቤቱን በር በትከሻዋ አሻግሮ አየና፣

"እማዬ ምን አለች?" አላት።

ነውሺን ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰችው።

"ግባና ጠይቃት። ሐልዋም አለ።"

"ነውሺን! ወዴት ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ሥራ ነዋ! ሙሽራ ትጠብቀኛለች።"

ወደ አውቶቡሱ መንገድ ታጠፈች። ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ በባጃጆቹ መሃል እየተሹለከለከች፣ ዞር ሳትል ሄደች።