በእስክሪብቶ የተከበበው እብጠት

ነገሩ ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሕመሙ ይልቅ የማልረሳው የእነዚያን ወራት ብቸኝነትና አዋሽ ሰባት ኪሎ ያገኘኋቸውን አንድ ሰው ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ሰመራ የመጣሁት መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነው። እዚህ ዘመድ የለኝም። ከባልደረቦቼ ጋር ምሳ የምንበላው ስድስት ሆነን ከአንድ ትሪ ነበር፤ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምስቅባት ሰዓት እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ሰኞ ክንዴና ጭኔ ላይ ቀያይ እብጠቶች ወጡብኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። «አለርጂ ነው፤ ሙቀቱንም ገና አልለመድሽውም» ብለው ክኒን ሰጡኝ። አልተሻለኝም። አንዱ ሲጠፋ ቦታው እንደተመታ ሰው ገላ ይጠቁራል፤ ሌላው ደግሞ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። ጉልበቴንና የእጄን አንጓ ያመኝ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ለምሳ ስገባ የእኔ ድርሻ በትንሽ ሳህን ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁት።

«እንዲመችሽ ብለን ነው» አለችኝ ከሁሉም የምቀርባት ልጅ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ እየለበስኩ፣ ምሳዬን ቤቴ ሄጄ መብላት ጀመርኩ። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ። ሰላምታው ሁሉ ከሩቅ ሆነ። ለወራት እጄን የጨበጠኝ ሰው አልነበረም።

በአምስተኛው ወር ለሥራ ሦስት ቀን አዋሽ ተላክሁ። ክኒኔ አልቆ ስለነበር አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሽበታም ሰው ናቸው። የክኒኑን ስም ስነግራቸው ከመስጠታቸው በፊት ጠየቁኝ።

«ያሳክክሻል ወይስ ያቃጥልሻል?»

«ያቃጥለኛል።»

«አንዱ እብጠት ሳይጠፋ ስንት ቀን ይቆያል?»

አላውቅም ነበር። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰውም የለም።

«እስቲ እጅጌሽን ሰብስቢ ልጄ» አሉኝ።

«የሚተላለፍ ቢሆንስ አባባ?» ብዬ ወደኋላ አልኩ። ፈገግ ብለው ክንዴን በባዶ እጃቸው ያዙና አንዱን እብጠት ዙሪያውን በእስክሪብቶ ከበቡት።

«ተራ አለርጂ ከሆነ እስከ ነገ ከዚህ ቦታ ይጠፋል። መስመሩን ሳታጥቢው ነገ በዚህ ሰዓት ነይ።»

በማግስቱ እብጠቱ እዚያው መስመሩ ውስጥ ነበር። በብርጭቆ ጫን አድርገው አዩት፤ መሐሉ ላይ ያለው ወይን ጠጅ ቀለም አልደበዘዘም።

«ይሄ ከእኔ በላይ ነው» አሉ። «የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከቆዳሽ ናሙና ተወስዶ ይመርመር።» ያዩትን ሁሉ በወረቀት ጻፉልኝ። ከዚያ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ወደ እኔ ገፉት። «ብዪ።»

«አብረን?» አልኳቸው።

«ታዲያ እንዴት ልንበላ ኖሯል?»

እያለቀስኩ በላሁ። እሳቸውም ወጡን ወደ እኔ በኩል ጠጋ አደረጉልኝ።

አዳማ ያለ የቆዳ ሐኪም ከክንዴ የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ «ዩርቲካሪያል ቫስኩላይትስ ይባላል» አለኝ። ቆዳ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲቆጡ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ኩላሊቴ ተነክቶ እንዳይሆን፣ ሌላም የተደበቀ ሕመም እንዳይኖር ብሎ ደምና ሽንት አስመረመረኝ፤ ደህና ነበር። መድኃኒት አስጀመረኝና በክትትል ቀስ በቀስ ቀነሰልኝ።

ሰመራ ተመልሼ እንደማይተላለፍ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው «እኛ መች ፈራን!» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እብጠቱ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ምንነቱን ስለማውቀው ግን አልደነግጥም። እንደ ድሮው አብረን እንበላለን፤ አልተቀየምኳቸውም። ብቻ እጄን ወደ ትሪው ከመስደዴ በፊት፣ ዛሬም ቢሆን ቀድሜ ፊታቸውን አያለሁ።